እናታችንን የሚያመሰግንም የሚወቅስም ዘፈን እንዴት እንጨርስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። እኔ 22፣ ወንድሜ 27 ዓመታችን ነው። ሁለታችን ሆነን ሙዚቃ እንሠራለን፤ እኔ ግጥምና ዜማ፣ እሱ ጊታርና ቅንብር። የምንወደው ኢንዲ ፖፕ የሚባለውን ለስለስ ያለ ሥራ ነው። እኔ የ5፣ እሱ የ10 ዓመት ልጅ ሳለን እናታችን ለሥራ ዓረብ አገር ሄደች፤ የተመለሰችው ከ9 ዓመት በኋላ ነው። ያሳደጉን አያታችን ናቸው። ስለ እሷ ዘፈን ከጀመርን ቆየን፤ ግን አያልቅም። አንድ ቀን ምስጋና ብቻ ይሆናል፣ ሌላ ቀን ወቀሳ ብቻ። «እናት ውለታሽ ተከፍሎ አያልቅም» ብዬ ጀምሬ ራሴው አላምነውም። የምትልክልን ጫማ ሁልጊዜ ይጠበን ነበር፤ ስትሄድ በነበርንበት ልክ ስለምታስታውሰን መሰለኝ። ይህን ሳስብ እናደዳለሁም፣ አለቅሳለሁም። ወንድሜ ደግሞ ትምህርት ቤት «እናትህስ?» ሲሉት «የለችኝም» ይል እንደነበር በቅርቡ ነገረኝ። አሁን ግን «እማዬ ይህን ከሰማች ልቧ ይሰበራል፣ ይቅርብን» ይላል። ሌላም አለ። እኔ የምዘፍነው በትዝታ ማይነር ነው፤ እሱ ሲያጅበኝ የሆነ ቦታ ይጋጭብናል። አብረን ስንቀዳ ደግሞ ድምፃችን ተደባልቆ ግጥሙ አይሰማም። ያለን ላፕቶፕ፣ ባለሁለት ግቤት ኢንተርፌስ (ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው)ና አንድ ኮንደንሰር ማይክ ነው። ዘፈኑ የማን ነው የሚለውንም ተነጋግረን አናውቅም። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ ዘፈኑ ያላለቀው ችሎታ አንሷችሁ አይደለም። ሁለት ስሜት በአንድ አፍ ልታስወጡ ስለሞከራችሁ ነው። ምስጋናና ቅሬታ ሲቀላቀሉ መሐል ላይ የሚገኘው ለብ ያለ ነገር ነው፤ አንቺም ያላመንሽው እሱን ነው። እናንተ ግን ሁለት ናችሁ። ብቻውን የሚዘፍን ሰው የሌለው ነገር በእጃችሁ ነው፦ ያው እናት፣ ያው ቤት፣ ሁለት የተለያየ ትዝታ። አንቺ ስትሄድ ብዙም አታስታውሺም፤ የምታስታውሺው የሚመጣውን ካርቶን ነው። እሱ መሄዷን ራሱን ያስታውሳል። ስለዚህ ስሜቱን አታማክሉት፤ አከፋፍሉት። አንዱ ቨርስ (ከአዝማቹ ውጭ ያለው የግጥም ክፍል) ሙሉ በሙሉ የአንቺ፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ የእሱ ይሁን። አንዱ የሌላውን አያለዝብ፣ አያርም።

ወንድምና እህት ሆነው የሚሠሩ ሌሎችም በየፊናቸው መንገድ አበጅተዋል። የኒውዚላንዶቹ ብሩድስ፣ ጆርጂያና ኬሌብ ኖት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት አልበም የእህትየው ትዳር ከፈረሰ በኋላ ያለውን ሐዘን የያዘ ነው። ሐዘኑ የአንዷ ነው፤ ሥራው ግን የሁለቱ። ቢሊ አይሊሽና ወንድሟ ፊኒያስ ደግሞ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የወላጆቻቸው ቤት፣ የእሱ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው ሲቀዱ የኖሩት። እዚያ ክፍል በተሠራው አልበም ቢሊ እ.ኤ.አ. በ2020 የግራሚን አራት ዋና ዋና ሽልማቶች ወስዳለች፤ ስለዚህ የመሣሪያችሁ ማነስ አያስጨንቅሽ። የእናንተ ጉዳይ ከሁለቱም የሚለየው ቁስሉ የሁለታችሁም በመሆኑና ቅርጹ በመለያየቱ ነው።

ወደ ግጥሙ እንግባ። «እናት ውለታሽ» የሚለውን ስንኝ አውጪው። ስንኙ በራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ማንም ስለ ማንም እናት ሊለው የሚችል ስለሆነ ነው። ዘፈንሽ ያለው በደብዳቤሽ ውስጥ ነው፤ ጫማው ላይ። የጠበበ ጫማ ውስጥ ሁለቱም ስሜት አለ፦ ልካለች፣ አስባለች፣ ገንዘቧን አውጥታለች፤ ግን አላየችሽም፣ ልክሽን አታውቅም። ፍቅሩንም ቅሬታውንም በስማቸው መጥራት አያስፈልግሽም። ለምሳሌ፦

የላክሽልኝ ጫማ ጠቦኝ ተቀመጠ፣
እግሬ አንቺ ሳታዪው እዚህ ተለወጠ።

ይህ የወል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ስድስት ቀለም፣ ትንሽ እረፍት፣ ከዚያ ስድስት ቀለም። «እግሬ አንቺ» ሲዘፈን ተዋህዶ «እግራንቺ» ስለሚሆን ልኩ ይሞላል። ይህን ልክ የመረጥነው ለ6/8 ምት ስለሚመች ነው፦ ስድስቱ ቀለም አንድ ባር (አንድ የምት ዙር) ይሞላል። ክሊኩን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ትልቅ ምት ላይ አድርጉት፤ በእያንዳንዱ ምት ውስጥ ሦስት ትንንሽ ምቶች ይገባሉ። ከዚያ በየግማሽ መስመሩ መካከል አንድ ባር ለጊታሩ ተዉለት። ኢንዲ ፖፕ የሚወደው ባዶ ቦታ ይኸው ነው፤ ሰሚው «ጠቦኝ» የሚለውን ሰምቶ የሚያስብበት ጊዜ ያገኛል። አሥራ ሁለቱን ቀለም ሳታቋርጡ ብትደረድሩት ጭብጨባ የሚጋብዝ የሠርግ ቤት ጉዞ ይይዛል፤ ግጥሙም ያልፋል።

የወንድምሽን ቨርስ አንቺ አትጻፊለት። የነገረሽ ነገር ከባድ ነው፤ ለአንቺ ነው የነገረሽ እንጂ ለዘፈኑ አይደለም። ፈቃዱ ከሆነ ግን ሊሄድበት የሚችለው አቅጣጫ እንዲህ ያለ ነው፦

በላክሽው ተማርኩኝ፣ በላክሽው ለበስኩኝ፣
ሰው ሲጠይቀኝ ግን እናት የለኝ አልኩኝ።

ልብ በዪ፣ እዚህ ውስጥ እናት አልተወቀሰችም። የሚወቀሰው ተናጋሪው ራሱ ነው። ውስብስብ ስሜት ያለው ዘፈን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጣቱ አንድ ወገን ላይ ብቻ ሲቀሰር ነው። እሷ የበደለችውን ያህል እናንተም የበደላችሁት፣ ያፈራችሁበት፣ የደበቃችሁት ነገር ሲገባበት ክስ መሆኑ ይቀርና እውነት ይሆናል። ወንድምሽ «ይህን አልዘፍንም» ካለ አትጫኚው፤ ሌላ የራሱ ነገር ይፈልግ። ግን በነገር ይጀምር፣ በስሜት ስም አይጀምር። ያጠፋው ፎቶ፣ የደበቀው ደብዳቤ፣ አልነጋገርም ብሎ የዘጋው ስልክ፣ የደረሰበት ማንኛውም ተጨባጭ ነገር ይሆናል።

ስለ ሰምና ወርቅ አንድ ነገር እንበል፣ ብዙ ጀማሪዎች ስሜት ሲከብዳቸው ወደዚያ ስለሚሸሹ። ጥበቡ ትልቅ ነው፤ ለዚህ ዘፈን ግን አንመክርም። ወርቁን በጣም ከቀበራችሁት እናታችሁ ብቻ ናት የምታገኘው፤ እሷም የምታገኘው በድብቅ እንደተነገረባት ስድብ ይሆናል። በግልጽ ዘፍኑት።

ሌላ ወጥመድ አለ፤ ይህኛው ለወንድምና እህት ብቻ የተዘጋጀ ነው ማለት ይቻላል። አማርኛ ግሡ ላይ ጾታን ያሳያል። ወንድምሽ «መጣሽ»፣ «ናፈቅሽኝ»፣ «ቀረሽ» ሲል ሰሚው ወዲያው የሚያስበው ፍቅረኛ ነው፤ የዘፈን ጆሯችን እንዲህ ተገርቷል። ሁለታችሁም በአንድ ቪዲዮ ላይ ስትታዩ ደግሞ የሚዘፍነው ላንቺ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው አዝማች ከመድረሱ በፊት «እማ» ወይም «እማዬ» የሚል ጥሪ አንድ ጊዜ በግልጽ ይሰማ፤ ቪዲዮ ስትሠሩም አትተያዩ፣ ሁለታችሁም ወደ አንድ አቅጣጫ ተመልከቱ። የጫማው ስንኝም ይረዳል፤ ለልጅ ጫማ የሚልክ ፍቅረኛ የለም።

አሁን ወደ አዝማቹ፤ ልፋታችሁን ሁሉ የምታፈሱበት ቦታ እዚህ ነው። ግጥም አታብዙበት። «መጣሽ» የሚለው አንድ ቃል ይበቃል፤ ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ዜማ። «መጣሽ» ደስታም ነው፣ «አሁን ነው የምትመጪው?» የሚል ቅሬታም ነው። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ከሥሩ ያለው ኮርድ ነው። እንዲህ ሞክሩት። ቅኝታችሁ ትዝታ ማይነር ከሆነና መነሻውን ላ ላይ ብታደርጉት አምስቱ ድምፆች ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ናቸው። «መ» ላይ ሚ፣ «ጣሽ» ላይ ዶ ዝፈኑ። የመጀመሪያው «መጣሽ» ከሥሩ ላ ማይነር ይኑረው፣ ጊታር ላይ ኤ ማይነር የምትሉት፤ ዜማው ያዝናል። ሁለተኛው ዶ ሜጀር ላይ ይሁን፤ ያው ሚና ዶ አሁን ይበራሉ፣ ዜማው ቤቱ የደረሰ ይመስላል። ሦስተኛው ፋ ሜጀር ላይ ይሁን፤ እዚህ ሚ ለፋ ሰባተኛው ድምፅ ስለሚሆን ያላለቀ፣ የተንጠለጠለ ስሜት ይሰጣል። እዚያው ላይ ተዉት። ወደ ላ ማይነር አትመልሱት። ዘፋኙ አንዲት ኖታ ሳይቀይር ሦስት ስሜት ወጣ፤ ግጥም ቢጨመርበት ይህን ያህል አይናገርም። ፍጻሜውም በዚሁ በፋ ይሁን፤ ታሪካችሁ ያልተዘጋ ስለሆነ ኮርዱን አትዝጉት።

የሚጋጭባችሁ ቦታ ምን እንደሆነ እንገምታለን፤ በትዝታ ማይነር ላይ ጊታር የሚያጅብ ሁሉ የሚገጥመው ነው። አንደኛው ምክንያት፣ እጁ ስለለመደ ላ ሜጀርን ይነካል። ላ ሜጀር ውስጥ ዶ ሻርፕ አለ፤ አንቺ ደግሞ ዶ ትዘፍኛለሽ፤ ሁለቱ ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚራራቁ ጥርስ ያፋጫል። ሁለተኛው፣ ወደ ላ ማይነር ለመመለስ ሚ ሜጀርን ይጠቀማል። እሱ ውስጥ ሶል ሻርፕ አለ፤ በቅኝቱ ውስጥ የለም፤ ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ትዝታው ይጠፋና የፈረንጅ ማይነር ይሆናል። አንቺ ያን ጊዜ ፋ ላይ ከሆንሽ ደግሞ ከኮርዱ ሚ ጋር ትጋጫለሽ። መፍትሔው፦ በቨርሱ ላይ የኮርዱን ሦስተኛ ድምፅ፣ ሜጀር ወይም ማይነር የሚያደርገውን፣ ይተወው። የላ ኮርድን አምስተኛውን ክር ባዶውን፣ አራተኛውንና ሦስተኛውን ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ ይዞ ይምታ፤ ሌሎቹን ክሮች ያፍናቸው። የሚወጣው ላና ሚ ብቻ ነው፤ ሜጀርም ማይነርም አይደለም፤ ስሜቱን የሚወስነው የአንቺ ዶ ይሆናል። በሚ ሜጀር ፋንታም ሚና ሲን ብቻ ይጠቀም፣ ወይም ከፋ በቀጥታ ወደ ላ ማይነር ይመለስ። ቁመቱ ለድምፅሽ ካልተስማማ ካፖ (የጊታሩን ክሮች አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ያድርግ እንጂ የኮርድ ቅርጾቹን አይቀይር።

ሃርመኒው ላይም ተመሳሳይ ችግር ይጠብቃችኋል። የፈረንጅ ዘፈን እየሰማ የተማረ ሰው ሁለተኛውን ድምፅ በሦስተኛ ይደረድራል፤ ባለአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ ግን ይህ ከቅኝቱ ያስወጣል። የሚሠራው ከቅኝቱ አንድ ድምፅ እየዘለሉ መውረድ ነው። አንቺ ከላይ፣ እሱ ከታች ከሆናችሁ፦ አንቺ ዶ ስትዪ እሱ ላ፣ አንቺ ሚ እሱ ሲ፣ አንቺ ፋ እሱ ዶ፣ አንቺ ላ እሱ ከሥሩ ያለውን ሚ። አንድ ቦታ ብቻ ይበላሻል፦ አንቺ ሲ ስትዪ ሕጉ እሱን ፋ ላይ ያወርደዋል፤ ሲና ፋ አብረው ሲዘፈኑ የሚሻክር ድምፅ ይወጣል። እዚያ ላይ እሱ ወደ ሚ ይውረድ። ቨርሶቹን ግን ያለ ሃርመኒ ዝፈኑ። ሁለተኛው ድምፅ «መጣሽ» ላይ ብቻ ይግባ፤ ያን ጊዜ ሁለታችሁ በአንድ ነገር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማማችሁ ይመስላል፤ ዘፈኑ የሚፈልገውም ይህንን ነው።

ድምፃችሁ የሚደባለቀው የእህትና ወንድም ድምፅ ስለሚመሳሰል ነው፤ የአፍ አከፋፈታችሁ፣ የአነጋገር ለዛችሁ፣ ትንፋሻችሁ የአንድ ቤት ነው። ለሃርመኒ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ለግጥም ግን ጠንቅ። በአንድ ማይክ አብራችሁ ስትቀዱ ደግሞ ከተቀዳ በኋላ መለየት አይቻልም። እንዲህ አድርጉ፦ መጀመሪያ አብራችሁ አንድ ጊዜ ሙሉውን ዝፈኑና ለመመሪያ አስቀምጡት። ከዚያ በተራ ቅዱ፤ የሚቀዳው ሰው ያንን መመሪያ በአንድ ጆሮው ብቻ ይስማ፣ ሌላው ጆሮው ከሄድፎኑ ውጭ ሆኖ የራሱን ድምፅ ያዳምጥ። ክፍት የሆነውን የሄድፎን ጆሮ ፊትሽ ላይ ወይም አንገትሽ ላይ አጥብቂው፤ ካለበለዚያ ክሊኩ ማይክ ውስጥ ይገባል።

ክፍሉ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ከሆነ ዝናብ ሲዘንብ አትቀዱ፤ በኋላ የሚያጸዳው ነገር የለም። ማይኩ ካርዲዮይድ ከሆነ በጀርባው በኩል ብዙም አይሰማም፤ ስለዚህ ጀርባውን ጩኸት ወዳለበት፣ ወደ መስኮቱ ወይም ወደ ፍሪጁ አዙሩት። የሚዘፍነው ሰው ጀርባው ወደ ክፍሉ ጥግ ይሁን፤ ጥጉ ላይ ፍራሽ አቁሙ፣ ከላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ድርብ ጋቢ አንጠልጥሉ። ብዙ ሰው ብርድ ልብሱን ከማይኩ ኋላ ይሰቅላል፤ ማይኩ የሚሰማው ግን ከዘፋኙ ኋላ ካለው ግድግዳ የሚመለሰውን ነው። ከአፍ እስከ ማይክ 15 ሴንቲሜትር ያህል፣ በመካከል ፖፕ ፊልተር። «ጠ»ና «ጰ» የመሳሰሉት ፈንጂ ድምፆች ማይኩን እንዳይመቱት አፍሽን ከማይኩ መሐል ትንሽ ወደ ጎን አድርጊው፤ «ጠቦኝ ተቀመጠ» ላይ ያስፈልግሻል። ኢንተርፌሱ ላይ ከፍተኛው ድምፅሽ ከሲቀነስ 12 እስከ ሲቀነስ 6 ዴሲቤል መካከል ይቆይ፤ ፋይሉ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ። ስትቀዱ በፈሩ (ላፕቶፑ ድምፁን በአንድ ጊዜ አከማችቶ የሚያስኬድበት መጠን) 128፣ ሚክስ ስታደርጉ 1024። በትንሽ በፈር ሚክስ ማድረግ ላፕቶፑን ያንተባትበዋል፤ በትልቅ በፈር መቅዳት ደግሞ ድምፅሽን ዘግይቶ ወደ ጆሮሽ ያመጣና ከምት ያስወጣሻል። መብራት ስለሚጠፋ ባትሪው ሙሉ ሳይሆን አትጀምሩ፤ በየቅጂው መጨረሻ ሴቭ አድርጉ።

አልቅሶ መቅዳት የተሻለ ስሜት ይሰጣል የሚል እምነት አለ። አይሰጥም። ሲለቀስ ጉሮሮ ይጠብቃል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ድምፅ ከቅኝት ይወጣል፤ ሰሚው የሚሰማው ሐዘኑን ሳይሆን ድካሙን ነው። እንባ ከመጣ ቁሙ፣ ውኃ ጠጡ፣ ሌላ ቀን ተመለሱ። ቨርሱን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ሙሉውን ዝፈኚ፤ ከሦስቱ ምርጡን መስመር በመስመር ምረጪ። መስመር በመስመር እየቆራረጡ መቅዳት ለዚህ ዘፈን አይሆንም፤ ታሪኩ ይበጣጠሳል። ምርጫውን ደግሞ ወንድምሽ ያንቺን፣ አንቺ የእሱን ምረጡ፤ ሰው በራሱ ድምፅ ላይ የሚመርጠው ንጹሑን ነው፣ ሌላው የሚመርጥለት ግን የሚያምነውን።

አንዱ የሌላውን ሲያዳምጥ አጠባብቆና አላልቶ መዝፈንንም ይከታተል። «ትመታለች» ላልቶ ሲዘፈን እሷ መቺ ናት፣ ጠብቆ ሲዘፈን የምትመታው እሷ ናት። ስለ እናት በሚዘፈን ዘፈን ይህ ልዩነት ቀልድ አይደለም። ዜማው ረዝሞ ተነባቢውን የሚበላበት ቦታ ካለ ዜማውን አሳጥሩ እንጂ ግጥሙን ለግምት አትተዉ።

ሚክሱ ላይ ሁለቱንም ድምፅ ከ90 ኸርዝ በታች ቁረጡ። «መጣሽ» ላይ የእሱን ድምፅ 30 በመቶ ወደ ግራ፣ ከአንቺ ድምፅ ዝቅ አድርጉ፤ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውንም ከእሱ ላይ ሁለት ዴሲቤል ያህል ቀንሱ። ተነባቢዎች የሚለዩት በዚያ አካባቢ ስለሆነ የአንቺ ቃል ከፊት ይወጣል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ እሱ የመጨረሻዋን «ሽ» አይዝፈናት። «መጣ» ብሎ አናባቢውን ይያዝና ይተው፤ «ሽ»ን አንቺ ብቻ ዝጊያት። ሁለት «ሽ» በጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት ሲሰሙ ነው ቅጂው የተዝረከረከ የሚመስለው። አውቶ ቲዩን (ድምፅን ወደ ኖታው የሚያስተካክል ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ከሆነ አምስቱን ድምፆች ብቻ አስመርጡት፤ ሁሉንም አሥራ ሁለት ድምፅ ከተዋችሁለት ስትንሸራተቺ የሌለ ኖታ ላይ ይጥልሻል። ፍጥነቱን ዜሮ ላይ አታድርጉት፤ እርግብግብታሽን ሁሉ ጠፍጥፎ ያስቀረዋል።

አሁን ስለ እናታችሁ። ወንድምሽ ትክክል የሆነበትም ያልሆነበትም ነገር አለ። ትክክል የሆነበት፣ ዘፈኑ በድንገት ከሰው ስልክ ላይ ሊደርሳት አይገባም። ያልሆነበት፣ «ይቅርብን» የሚለው ነው። ዝምታው እስካሁን ማንንም አላሳረፈም፤ እሷንም ቢሆን ያሳረፋት አይመስለንም። ደግሞም የእሷን አቅም አስቀድሞ እየወሰነላት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ሁለት ልጅ ያስተማረች ሴት አንድ ዘፈን መስማት ትችላለች።

አሰማሟን ግን አስቡበት። ጎረቤት በተሰበሰበበት ቡና ላይ አይሁን፤ ሰው ፊት ማልቀስም አለማልቀስም ለእሷ ጭንቅ ነው። አያታችሁ ቢኖሩ ግን ጥሩ ነው፤ የዘፈኑ ታሪክ የእሳቸውም ነው። ሁለታችሁም ኑሩ፤ አንቺ ብቻሽን ብታሰሚያት ወንድምሽ የሸሸ ይመስላል። መጀመሪያ ግጥሙን አንብቡላት፣ ከዚያ የጊታርና የድምፅ ብቻ የሆነውን ጥሬ ቅጂ አሰሟት። ያለቀውን፣ የተዋበውን አታምጡላት፤ ያለቀ ነገር ማሰማት ማስታወቅ ነው፣ ያላለቀ ነገር ማሰማት መጠየቅ ነው። ሲያልቅ «ወደድሽው?» አትበሏት፤ «እዚህ ውስጥ ሰው እንዲያውቀው የማትፈልጊው ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በዚያው ሰዓት አትጠብቁ፤ አንድ ሳምንት ስጧት።

ድንበሩንም ከወዲሁ ተነጋገሩበት። የነበረችበት ቤት፣ የአሠሪዎቿ ነገር፣ የደረሰባት፣ የተከፈላትና ያልተከፈላት የእሷ ነው፤ እሷ ካላለች አይገባም፣ ስንኙ የቱንም ያህል ቢያምር። የጠበበው ጫማና «የለችኝም» ያለው ልጅ ግን የእናንተ ናቸው። እሷ ይህን «አውጡት» ብትል ለምን እንደሆነ ስሟት፣ ከዚያ ሁለታችሁ ወስኑ። ከሁለታችሁ አንዱ እንኳ «አይለቀቅ» ካለ አይለቀቅ፤ ይህ ለአሁኑም ለሚቀጥሉትም ዘፈኖች የጸና ስምምነት ይሁን። አሜሪካዊዎቹ ወንድማማች ዘፋኞች ኤቨርሊዎች ያን የመሰለ የተዋሐደ ድምፅ ይዘው እ.ኤ.አ. በ1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ መድረክ ላይ ተጣልተው ከተለያዩ በኋላ እንደገና አብረው የዘፈኑት በ1983 ነው። ያደረ ነገር የሚፈነዳው ደግሞ ሥራው ሲሰምር ነው፤ ገና በማንም ባልታወቃችሁበት ጊዜ መነጋገር ይቀላል።

የባለቤትነቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ሥራው ጥበቃ የሚያገኘው ሳይመዘገብም ነው፤ በጋራ የተሠራ ሥራም የአመንጪዎቹ የጋራ ነው። «የጋራ» ሲባል ግን ማን ምን ያህል የሚለውን ሕጉ ቤታችሁ መጥቶ አይጽፍላችሁም። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሠንጠረዥ ሥሩ። አንደኛው ለዘፈኑ ነው፦ ግጥም፣ ዜማ፣ የእያንዳንዳችሁ በመቶኛ። ሁለተኛው ለቅጂው ነው፦ ድምፅ፣ ጊታር፣ ቅንብር፣ ሚክስ። ሁለቱ የተለያዩ መብቶች ናቸው፤ ነገ ሌላ ሰው ዘፈናችሁን ቢዘፍነው የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በዚህ ዘፈን ላይ እኩል ብትካፈሉ እንመርጣለን፤ ምክንያቱም የ«መጣሽ» ትርጉም ያለው ግማሹ በዜማው፣ ግማሹ በኮርዱ ውስጥ ነው። ቀን፣ ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ ለእያንዳንዳችሁ አንድ ኮፒ። ከቤት ውጭ ያለ ሰው ባስ ቢመታላችሁ ወይም ሚክስ ቢያደርግላችሁ በገንዘብ ይሁን በድርሻ ከሥራው በፊት ጻፉለት።

ለመልቀቅ ስትደርሱ ማስተሩን (የመጨረሻውን ቅጂ) ወደ ሲቀነስ 14 ሉፍስ (የአማካይ ጩኸት መለኪያ) አካባቢ፣ ከፍተኛ ጫፉን ሲቀነስ 1 ዴሲቤል ላይ አድርጉት፤ ከዚህ በላይ ብታስጮኹት የስትሪሚንግ መድረኮቹ ራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል፣ የሚቀርላችሁ የታፈነ ድምፅ ብቻ ነው። ዘፈኑን ወደ መድረኮቹ ለሚያደርሰው አከፋፋይ ፋይሉን ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ላኩ። ለቅጂው የሚሰጣችሁን ባለ12 ፊደልና ቁጥር የአይኤስአርሲ ኮድ ከስምምነቱ ወረቀት ጋር አስቀምጡት፤ አከፋፋይ ብትቀይሩ ያንኑ ኮድ መልሳችሁ ካልሰጣችሁ የተሰማው ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል። የእናታችሁ ሳምንት ሳያልቅ ግን የሚለቀቅበትን ቀን አትቁረጡ፤ ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ፈቃድ አይሆንም፣ እሷም ይህን ታውቃለች።